«ጾም ላይ ናቸው» ብዬ የጻፍኩበት ውጤት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋዋን አልተሰጠኝም። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ስማቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ጋዋኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፤ ስላይዱ ግን ዛሬ ይታጠባል» አሉኝ። አንድ ባልዲ ሙሉ ያገለገለ ስላይድ፣ የማይክሮስኮፕ መስታወት፣ ፊቴ አስቀመጡ። መጀመሪያ በበረኪና፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም በአልኮል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቶቼ ተሸብሽበው ስወጣ፣ ሁለት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ በንዴት ጦፌ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያኔ ንዴት አያልቅብኝም፤ አሁንም ብዙ አልጎደለም።

ማዕረጌ ጀማሪ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ይባላል። ያን ጊዜ የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን የምንለካው በዓይን ነው። ከጣት ጫፍ የወጣውን ደም በቀጭን ፒፔት ስበን አሲድ ያለበት ቱቦ ውስጥ እንጨምራለን። ሲጠቁር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን ቀለሙን ከጎኑ ካለው ባለ ቀለም መስታወት ጋር እናስተያያለን። ብርሃን ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ክረምት ብርሃን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ቱቦውን ይዘን ከመስኮት መስኮት እንዞር ነበር።

ሰዉም ቢሆን ላብራቶሪ አያምንም። አንድ ከሉማሜ የመጡ ገበሬ ደም ከቀዳሁላቸው በኋላ አልነሣም አሉ።

«ይኼን ደም ወዴት ታደርጊዋለሽ?»

«እመረምረዋለሁ።»

«ከመረመርሽስ በኋላ?»

«ይደፋል።»

«ኧረግ! የሰው ደም ይደፋል? በይ መልሺልኝ!»

አቶ ስማቸው ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «ጌታው፣ መመለሱንስ እንመልስልዎ ነበር፤ በየት በኩል እናስገባው?» አሏቸው። ሰውየው ጥቂት አሰቡና እየሳቁ ሄዱ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰው ከሰውነቱ የወጣውን ነገር አምኖ ሰጥቶኝ እንደሚሄድ ያን ቀን ነው የገባኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠራሁ። ከቴክኒሻንነት ወደ ቴክኖሎጂስት፣ ከዚያም ወደ ፈረቃ አስተባባሪነት አለፍኩ። ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ማሽን መጣልን፤ ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ሲሰጡት በአንድ ደቂቃ ሃያ ምናምን ቁጥር ያወጣል። ሰው ግን የሚያነበው ሦስቱን ወይም አራቱን ነው። በሽተኛው ሁሉ ደግሞ «ሲስተር» እያለ ይጠራኛል። ሲስተር አይደለሁም እያልኩ ጡረታ ወጣሁ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ውጤት ነው። ጡረታ ከመውጣቴ አራት ዓመት በፊት የሆነ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሆስፒታሉ አይደለም፤ የኔ ነው።

በዚያ ሰሞን በፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምና የወሰዱ ወንዶች ወደኛ መምጣት ጀምረው ነበር። ጨረሩ እኛ ዘንድ የለም። አዲስ አበባ ሄደው፣ ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት ሳምንታት ተቀምጠው ይታከሙና በየሦስት ወሩ የሚደረግ ምርመራ የተዘረዘረበት ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ፒኤስኤ፣ ሲቢሲ፣ ክሪያቲኒን፣ ሲአርፒ፣ ሽንት። የሚከታተላቸው ዶክተር ብሩክ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራ የሚወድ፣ በልጄ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ውጤት ሊወስድ ሲመጣ ያዝኩት። «ፒኤስኤው ከወረደ ካንሰሩ ተኝቷል ማለት አይደል? ታዲያ ይኼን ሁሉ ደም ለምን ታስቀዳቸዋለህ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ፒኤስኤ የሚነግረን ስለ ካንሰሩ ነው። ጨረሩ ግን ፕሮስቴቱን ብቻ ነክቶ አይቀርም። ከላይ ፊኛ አለ፤ ከኋላ የትልቁ አንጀት መጨረሻ አለ።»

«አረም ሲነቀል ጤፉም አብሮ ይነቃነቃል በለኛ።»

«እንደሱ ነው። ችግሩ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው።»

«በደም አይታወቅም?»

«ጨረሩ እዚህ ጋ ጎድቷል ብሎ ለይቶ የሚናገር ምርመራ በእጃችን የለም። የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ ዙሪያ ዙሪያውን ነው የምናየው። ክሪያቲኒን ከወጣ ኩላሊቱን እንጠይቃለን። ሲአርፒ ከወጣ የተቆጣ ነገር አለ እንላለን። ሄሞግሎቢን ከወረደ ደግሞ ደሙ ወዴት ሄደ ብለን መጠየቅ አለብን።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አላውቅም ነበር እንዳልል ነው ይህን የምነግራችሁ።

ከነዚያ ሰዎች አንዱ የኔታ ልየው ነበሩ። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ከይጁቤ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ልጅ ሆነው ደብረ ወርቅ ተምረዋል። አርባ ዓመት ቀድሰዋል፤ ቅዳሴም ያስተምራሉ፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ኮሪደሩን የሚሞላ ሰው ነበሩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አለምነሽ ጋር ነው የሚመጡት።

ሁልጊዜ የሚመጡት ሰኞ ነው። መጀመሪያ የገበያ ቀን እየሸሹ መስሎኝ ነበር። ስጠይቃቸው «የመርፌው ቀዳዳ እስከ እሑድ በደንብ እንዲዘጋ ነው ልጄ» አሉኝ። ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። ቆርቦም ከሆነ ያን ቀን ከሰውነቱ ደም እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ እሾህ እንኳ እንዳይወጋው አይቶ ይረግጣል። ጥጡን ከክንዳቸው ላይ ሳነሣ የኔታ ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን ያይዋታል። «ተዘጋች?» ይሉኛል። «ተዘጋች» እላለሁ። እሷን ሳይሰሙ አይነሡም።

በመስከረም ሄሞግሎቢናቸው አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ነበር፤ ለሳቸው ዕድሜ ደህና ነው። በታኅሣሥ አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ። ፒኤስኤው ግን ቁልቁል ይወርዳል። ወይዘሮ አለምነሽ ውጤቱን በሰሙ ቁጥር እልል ሊሉ ይዳዳቸዋል። እኛም ደስ ይለን ነበር። የሁላችንም ዓይን ፒኤስኤው ላይ ተተክሎ ቀረ።

በመጋቢት ሲመጡ ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ ሳምንት አልፎታል። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ መሆኑን ልብ አላልኩትም። ስለ ቀዳዳዋም አልጠየቁኝም፤ እሱንም ልብ አላልኩትም። ማሽኑ አሥር ነጥብ ስድስት አወጣ። ከሥሩ የቀይ ሕዋሱ መጠን ሰባ ሰባት ይላል፤ ከጎኑ ዝቅተኛ የሚል ምልክት አለው። በታኅሣሥ ሰማንያ ስድስት ነበር።

ወጥቼ ወንበራቸው አጠገብ ቆምኩ።

«የኔታ፣ ደምዎ ወርዷል። ጾሙ ከበደዎ እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አዎ ልጄ፣ ጾሙ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ ምን ይደረግ!»

«ጾሙ ነው» አሉ ደግመው።

ተመልሼ የውጤቱ ወረቀት ላይ፣ አስተያየት በሚለው መስመር፣ «ሕመምተኛው ዐቢይ ጾም ላይ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ይደገም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዶክተር ብሩክ አነበበው። «የናንተ አገር ጾም ጠንካራ ነው» አለና እሱም ፈረመ። እሱ እኔን አመነ፤ እኔ የአገሩን ልማድ አመንኩ። የኔታም ወደ ይጁቤ ተመለሱ።

እስቲ እንደ ባለሙያ እንየው። ቀይ የደም ሕዋስ መቶ ሃያ ቀን ይኖራል። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ ገና ሠላሳ ምናምኑ ነው ያለፈው። በዚያች ጊዜ ምግብ ብቻ ጎድሎ የሰው ሄሞግሎቢን በሁለት ነጥብ አምስት አይወርድም። የኔታ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ጾመዋል፤ በጾም ደማቸው የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ድሮ ባለቀ ነበር። የሕዋሱ መጠን ማነስ ብረት ከሰውነት እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህን ለተለማማጅ ተማሪዎች በየዓመቱ አስተምር ነበር። ግን እኔም ከሚጾም ቤት ነው የወጣሁት። እኛ ቤት ጾም ከተባለ ጥያቄው እዚያ ያበቃል።

ፋሲካ አለፈ። የኔታ አልመጡም። በወረቀቱ ላይ የስልክ ቁጥር ነበር፤ አልደወልኩም። ወረፋው ብዙ ነው፣ ሪኤጀንት የሚባለው የመመርመሪያ ፈሳሽ አልቋል፣ መብራት ጠፍቷል፤ ሰበብ አይጠፋም።

በሰኔ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ጎራ አልኩ። የማርያም ዕለት ስለነበር ቅዳሴ አልወጣም። የስኳር መድኃኒት ስለምውጥ ቁርስ በልቻለሁ፤ ስለዚህ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆምኩ። እዚያ ግንቡ ሥር ሁልጊዜ ሴቶች አሉ። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የወር አበባዬ እስኪቀር ድረስ በየወሩ የቆምኩበት ቦታ ነው። ማን ለምን እዚያ እንደሚቆም እናውቃለን። አንጠያየቅም።

ከሴቶቹ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግንቡን ተደግፈዋል። ያካፋል። ዞር ሲሉ የኔታ ልየው ናቸው። ጥምጥም አላደረጉም። የእጅ መስቀላቸውም አይታይም፤ ሰው ልሳለም እንዳይላቸው ኪሳቸው ከትተውታል። ቄስ፣ ያውም የቅዳሴ መምህር፣ ቅዳሴ እየተቀደሰ ከበር ውጭ! እንደኔ ቁርስ በልተው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ዛሬም ድረስ የምናደደው በዚያች «ይሆናል» ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ላብራቶሪ መጡ። ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄዱ ወይዘሮ አለምነሽ ደግፈዋቸዋል። ድምፃቸው ኮሪደሩን መሙላቱ ቀርቷል። ክንዳቸውን ሳስር እጃቸው በረዶ ነው፤ መዳፋቸው ነጥቷል። ወደ ቱቦው የገባው ደም የሳሳ መሆኑ ገና ማሽን ሳይነካው ይታያል።

ስድስት ነጥብ አራት።

ደገምኩት። ስድስት ነጥብ አራት። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀውን የመፈተሻ ደም፣ ኮንትሮሉን፣ አሳለፍኩ፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ስላይድ ሠርቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። ሕዋሶቹ ትንንሽ፣ መሐላቸው ባዶ፣ ጠርዛቸው ብቻ ቀይ። እንዲህ ያለ ስላይድ ለወራት ከደማ ሰው ነው የሚመጣው። ያኔ ግንቡን ተደግፈው የቆሙት የኔታ ትዝ አሉኝ።

የአሠራር ደንቡ ይታወቃል። ለሕይወት የሚያሰጋ ውጤት ሲገኝ ወዲያው ለሐኪሙ ይደወላል፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ደወልኩ፤ ዶክተር ብሩክ ሌላ በሽተኛ ላይ ስለነበር በአምስት ደቂቃ እመለሳለሁ አለኝ። በዚያች አምስት ደቂቃ የኔታን ብቻቸውን ደም መቅጃ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«የኔታ፣ ዛሬ ጠዋት አይቼዎታለሁ።»

«የት?»

«ማርያም። ከበሩ ውጭ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ለምን ውጭ ቆሙ?»

«አንቺስ ለምን ቆምሽ?»

«እኔ ቁርስ በልቼ ነበር። እርስዎስ?»

ሌላ ነገር ልጨምር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አፌን ያዝኩ። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ደም ይወጣኛል» አሉ።

«ከየት?»

«በመቀመጫዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት።

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ወገቤን ነው ያልኩት። ለቀሳውስቱም ወገቤን አሞኛል፣ መቆም አልቻልኩም ብዬ ከቅዳሴ ቀረሁ። መቅደሱን አልደፈርኩም ልጄ፣ አንድም ቀን አልገባሁም። ግን ለሐኪም ብናገር ይጻፋል፤ ከተጻፈ ደግሞ አገር ይሰማዋል። ካንሰሩ ተመልሷል ብዬም ፈራሁ። አንድ ሳምንት ይቆምልኛል፤ ለእሑድ ደረስኩ ስል ቅዳሜ ይመጣል።»

«በመጋቢት ስጠይቅዎ…»

«በመጋቢት ጾሙ ነው ወይ አልሽኝ። አዎ አልኩሽ።»

ቁጣ የለበትም። እንደነበረ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ካንሰሩ ላይሆን ይችላል። ፒኤስኤዎ ጥሩ ነው። ጨረሩ አንጀት ላይ ቁስል ሊተው እንደሚችል ዶክተር ብሩክ ነግሮኛል። እሱ ከሆነ ይታከማል።»

«ይታከማል?»

«ይታከማል።»

የኔታ አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «የሚታከም መሆኑን ማን ነገረኝና!» አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሳቸው ግን ብቻቸውን አልደበቁትም፤ መጋረጃውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ምን ነበር?»

«የኔታ ልየው። ሄሞግሎቢን ስድስት ነጥብ አራት።»

«ተደግሟል?»

«ሁለቴ። ስላይድም አይቻለሁ። ከአንጀት መጨረሻ እየደሙ ነው፤ ከጥር ጀምሮ።»

«ታዲያ የመጋቢቱ?» አለ።

«የመጋቢቱ የኔ ስህተት ነው።»

ወዲያው አስተኟቸው። እግራቸው አብጧል፤ ተኝተው መተንፈስ ስላቃታቸው ሦስት ትራስ ተደርድሮላቸዋል። ዶክተር ብሩክ ልባቸው በቀጭን ደም ለወራት ሲሮጥ ደክሟል አለ። ደም መስጠቱም በጥንቃቄ፣ ቀስ እየተባለ ነው፤ ለደከመ ልብ ደም ቢበዛበትም ይገድለዋል። ደም ባንክ ለሳቸው የሚስማማ አንድ ከረጢት ብቻ ነበረው። ሌላ ሰጪ ያስፈልግ ነበር።

ወይዘሮ አለምነሽ ወደ ደብራቸው ደወሉ። በማግስቱ አራት ቀሳውስትና ሁለት ዲያቆናት መጡ። ሁለቱ ቄሶች ያን ጠዋት ቀድሰው ነው የመጡት። መርፌውን ሲያዩ «እኛ ዛሬ አንደማም፤ ነገ» አሉ። አንደኛዋ ነርስ ተቆጣች። እኔ ተዪያቸው አልኳት። የቀሩት ሰጡ፤ ሁለቱ ከተማ አድረው በነጋታው ጠዋት ከሁሉ ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ከሁለቱ አንዱ ጠና ያሉ ናቸው። ደም እየሰጡ ሳለ አንድ ነገር ነገሩኝ።

«እኛ እኮ ጠርጥረናል። ወገቡን ያመመው ሰው መጎንበስ ነው የሚያቅተው። የኔታን ያቃታቸው መቀመጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችኋቸውም?»

«የኔታን? ምን ብለን?» አሉ።

የኔታ ከዚያ አልጋ ተነሡ። ሲበረቱ አዲስ አበባ ተላኩ። አንጀታቸው በካሜራ ታየ፤ ካንሰር አልነበረም። ጨረሩ ያሳሳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው የሚደሙት። በሦስት ጊዜ ቀጠሮ ደም ሥሮቹ በሙቀት ተተኮሱ። በኅዳር ደሙ ቆመ። በታኅሣሥ ሄሞግሎቢናቸው አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ሆነ፤ ሕዋሶቹም መጠናቸው ተመለሰ። ለንስሐ አባታቸው እውነቱን ተናገሩ፤ ቀኖና ተቀበሉ፤ መቅደስ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው።

እሰይ ብዬ ነበር። ሰኞ ቀን ወይዘሮ አለምነሽ ለብቻቸው መጡ። የኔታ ትናንት ከሕመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀድሱ ገብተው፣ ገና ቅዳሴው ሳይጋመስ እግራቸው ከዳቸው አሉ። ሌላው ቄስ በብብታቸው ይዞ አስቀምጧቸው፣ ቅዳሴውን እሱ ጨረሰው። አንድ ወር ቆይተው ደግመው ሞከሩ። ያን ጊዜም አልሆነም።

ዶክተር ብሩክን ጠየቅሁት። «በመጋቢት ደርሰንበት ቢሆንስ?»

«ልባቸው ቀድሞም ችግር ሳይኖረው አይቀርም» አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየ «ግን በዚያ ደም ሦስት ወር ባይቆዩ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር» አለኝ። እንደማይዋሸኝ ስለማውቅ ነው እሱን የጠየቅሁት።

ቅዳሴ ቆመው ነው የሚቀድሱት። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የኔታ ደሙ ቆሞላቸው መቅደስ ገቡ፤ ቆሞ መቀደስ ግን ቀረ። አሁን ቤታቸው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያስተምራሉ። እሑድ እሑድ ሌላ ሰው ሲቀድስ ይሰማሉ።

በሚያዝያ ለምርመራ ሲመጡ ደማቸውን ቀዳሁና በሩን ዘጋሁ። ስንት ወር ያዘጋጀሁትን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት።

«የኔታ፣ በመጋቢቱ ወረቀት ላይ ጾም ላይ ናቸው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩም የዘገየው በኔ ጽሑፍ ነው። ያን ቀን አጣርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀድሱ ነበር ይሆናል። ይፍቱኝ።»

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። እጅጌያቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱ።

«ብትጠይቂኝም እዋሽሽ ነበር ይሆናል» አሉ።

እኔ ይህን ይዤ ልጽናና ነበር። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ግን አልጠየቅሽኝም ልጄ። ነገርሽኝ።»

የስህተት ሪፖርት ቅጽ ሞልቼ፣ ስሜን ጽፌ ለክፍሉ ኃላፊ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ አስተያየት በሚለው መስመር ላይ ያላየሁትን ነገር ጽፌ አላውቅም። የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ሄሞግሎቢን በአንድ ነጥብም ቢሆን ከቀድሞው ከወረደ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ያው ቀን ለሐኪሙ ይደወላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህን ያደረግሁላቸው ሰዎች አሥር አይሞሉም። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ እየደሙ ነበር፤ ሁለቱም ደብቀውት ነበር።

ለባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ሕመምተኛን ስትጠይቁ መልሱን አብራችሁ አትስጡት። ጠይቁና ዝም ብላችሁ ጠብቁ።